አንድ ሰው፣ አንድ ወንበር

ኢፍቱ ናት የጻፈችው፣ በቴምር ካርቶን ጀርባ፦
«አንድ ሰው ወንበር ተሸክሞ፣ ደቻቱ አሸዋ ሲገባ።»
ይኸው ነው፣ ሌላ የለም። «ፊልም አውጡበት» አለች፤
ከዚራ፣ ከዛፉ ሥር፣ ምሽቷ ገና አልበረደች።

«ባቡር ጠባቂ ነው አቦ!» አለ ጉሌድ ቸኩሎ፣
«ቆሞ መጠበቅ ቢታክተው፣ ጉልበቱ ቢደክም ዝሎ፣
መቀመጫውን ከቤቱ፣ ለገሀሬ ድረስ አዝሎ...»

«ሙሽራ ነው» ትላለች ሆዳን፣ «ለሠርጉ መቶ ተከራይቶ
ዘጠና ዘጠኙን መልሶ፣ በአንዷ ዕዳ ገብቶ፣ ሸሽቶ!»
ሣቅን። ጉሌድ አኮረፈ።
የካሜራ ጭቅጭቅ አነሣን፤
ማን መብራት ያበድረናል፣ ማን ይተውናል ስንል
ሰውየውን ረሳን።

አይደሩስ ነው ዝም ያለው። የካርቶኑን ጠርዝ ሲልጥ ቆየና
«ሴት ትሁን» አለ።
«ደቻቱ ሞልቶ ባደረ ለት፣
ውሃው ቤቷን ይዞ ሲሄድ፣ ወንበር ብቻ ነው የተረፋት።
ማዶ እስክትደርስ ድረስ
አንዴም አልተቀመጠችበት።»

«የማን ወንበር ነበር?» አልነው።
የላጠውን ወረቀት አጠፈው፣ ደግሞ አጠፈው።
«የአባቴ።»

ባጃጅ አለፈ፤ መብራቱ ፊታችንን ጠርጎ ሄደ።
ባለቤቱ «ልዘጋ ነው፣ ወንበሬን!» እያለ
ከደረጃው ወረደ።
ተነሣን አራታችንም፣ አንዳንድ ወንበር በእጃችን፤
እኔ ባንድ እጄ አንጠልጥዬ፣
አይደሩስ ግን በራሱ ላይ፣ እንደ ውሃ ተሻጋሪ።
ኢፍቱ ወንበሯን ሳታነሣ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣
በጣቶቿ ክፈፍ ሠርታ
ታየናለች ከኋላችን።