የሠላሳ ስድስት ወር መኪና

አዘዞ፣ በቆርቆሮው ቢሮ፣ ከጎማ ቤቱ አጠገብ፣
ወይዘሮ ታንጉት ውሉን ዘረጋችው፦ "እስቲ አንተው አንብብ።"
ሰባት ገጽ። አነበብሁ፣ መነጽሬን ሁለቴ ጠርጌ፣
ሠላሳ ዓመት ብሎን ሲፈታ የጠቆረ ጣቴን ሸሽጌ።

መኪናው የሷ ነው፤ መንገዱ የኔ፤
ቢጫር በኔ፣ ቢሰበር በኔ፤
ሠላሳ ስድስት ወር ኪራይ፣ ቀን ሳያልፍ፣ ሳይዛነፍ፤
ሲያልቅ ይመለሳል ታጥቦ፣ ነዳጁ ሞልቶ እስኪተርፍ።
"በረዶ ላይ ቢሄድስ?" አልኋት። "ለዚያ አይደል የተሠራ!
አራቱም እግሩ ይስባል፤ አንዱ ቢያዳልጥ፣ ሦስቱ አለ ከጎኑ፣ አትፍራ።"
ደግሞ ቁልፍ ነካች፤ ወንበሩ ጋለ፣ ወገቤ ሞቀ፤
ሃምሳ ስምንት ዓመቴ አፍሮ ሳቀ።

የሺሐረግም ሳቀች፣ ማታ፣ ሽንኩርቷን እየላጠች፤
"የሰው ሙሽራ ልትቀልብ ነው?" አለች፤
ወዲያው ዝም አለች።
ያን ነሐሴ አስታውሳ እንደሆን እንጃ፤ አልጠየቅኋት፤
እኔም የማልነግራት አለ፣ እሷም የማትነግረኝ አላት።

ያን ነሐሴ፣
ከጨነቅ በላይ፣ ቧሂት ጥግ፣ በአሮጌው ሚኒባሴ፣
አሥራ አንድ ሰው፣ ሁለት ኩንታል ገብስ፣ አንድ የታሰረች ዶሮ፣
ሰማዩ ድንገት ጠቁሮ፣
በረዶው እንደ ባቄላ ክክ መንገዱ ላይ ተዘራ፤
ነጣ ጅባራው፤ ነጣ ተራራ።
የሚገፋው የኋላ እግር ብቻ ነበር፤ እሱም ከዳ፤
መሪውን ወደ ቀኝ ስል፣ እሱ ወደ ገደሉ ተሰናዳ።
ከዶሮዋ በቀር አንድም ሰው አልጮኸም።

ዘሎ ወረደ እንግዳሰው፣ ረዳቴ፣ በሸሚዝ፣ በነጠላ ጫማ፣
አንድ ድንጋይ ከበረዶው ፈልቅቆ፣ ከኋላው ጎማ
ሥር ወተፈ።
ቆመ።
ሰው ሁሉ ወረደ፣ አንድ ባንድ፣ በእግሩ ጣቱ፣
የተኛ ሕፃን ያለ ይመስል፣ እንዳይነቃ ሞቱ።

ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ወጣች።
በረዶው ያን ሁሉ ተራራ
ለካ ተከራይቶት ኖሯል! አስረከበው ባንድ ጊዜ፣ በጠራራ፤
ውሃ ሆኖ በየፈፋው ወረደ፣
ያለ ፊርማ፣ ያለ ዋስ፣ ያለ ዕዳ ሄደ።
እኛ ነን እንጂ ጭረት የምንቆጥር።

ትናንት ፒያሳን ሁለቴ ዞርሁ፣ በብርማው፣ በዝቅተኛው፣
እንደሚያደባ ነብር ደረቱ መሬት በተጠጋው።
አንድ ባጃጅ ነጂ "ገዛኸው ወይ?" አለኝ፤ "አዎ" አልሁት፤
እስከ ማራኪ ድረስ ውሸቴን አሳፍሬ ነዳሁት።
ከዚያ አቆምሁና ብቻዬን አፈርሁ።

ነገ ሌሊት በአሥር ሰዓት እነሳለሁ።
አምባ ጊዮርጊስን ውርጩ ሳይለቀው አልፋለሁ፤
ዳባት ሲነጋ፣ ደባርቅ ቁርስ። እንግዳሰው እዚያ ነው፣
ጎማ ይነፋል፤ የራሱ ሱቅ አለው፣
"ዳገቱን አብሬህ ልውጣ፣ እስቲ አራት እግሩን ልየው" ብሏል፤
ከመኪናው ይልቅ እኔን ሊጠብቅ መስሎኛል።

ያን ድንጋይ ያኔ ጭኜው መጥቼ ነበር፤
ስድስት ክረምት ሙሉ የደገፈው የቤቴን በር።
ዛሬ በአሮጌ ጆንያ ጠቅልዬ ከዕቃ መጫኛው አስገባሁት፤
ውሉንም ከመጀመሪያው እስከ ሰባተኛው ገጽ አየሁት፦
ስለ ድንጋይ የሚል የለም።

መኪናው በቀኑ ይመለሳል፣ ቁልፉ ከነማንጠልጠያው፤
ድንጋዩን ግን አወርደዋለሁ፤ እሱ ነው የኔ ድርሻው።

"በሩ ያለ ድንጋይ አይገጥምም" አልኋት ስወጣ።
የሺሐረግ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጣች፣
ጎማውን በእግሯ ነካ፣ ወንበሩን በመዳፏ ዳሰስ አደረገች፤
"ይሞቃል ለካ" አለች፣ "ይሁና፤
እስክትመለስ አልዘጋውማ።"