አትርሳው

ጀልባዋ ቀይ ናት፤ ከቀባናት እንኳ ሦስት ክረምት አልፏል።
ድረ ገጹ ላይ ግን ዛሬም ሰማያዊ፣ ዛሬም ውሃው ጠርቷል፤
እንቦጭ የሚባል የለ፤
አትርሳው ከፊቷ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ እየሳቀ ቆሞ አለ።

ከፖሊ የመጣ አንድ ልጅ ነበረ የሠራልን፣
በሦስት ኪሎ ቆሮሶና በዘጌ ደርሶ መልስ ተስማምተን።
«አለቀ» ሲለን አመንን፤
አንዴ የቆመ ቤት ሳያድሱት የሚኖር መስሎን
ትተነው ወደ ውሃችን ወረድን።

እንዲህ ይላል፦
«ለአንድ ሰው ሦስት መቶ፣ ምሳውን ጨምሮ።
የምንነሣው ሦስት ሰዓት፣ ከዋርካው ሥር፣ እንደ ድሮ።
ደውሉ ለአትርሳው።»

ዋርካው መንገድ ሲሰፋ ተቆረጠ፤ ጉቶውም የለም።
ሦስት መቶ ብር ዛሬ እስከ ዓባይ መውጫ፣
እስከ ጉማሬዎቹ እንኳ አያደርስም።
አትርሳውም
በሁዳዴ መግቢያ፣ መረብ እየጠገነ፣
ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ፤ አልተነሣም።

ስልኩ ግን ይጠራል።
ማንጠግቦሽ ማታ ማታ ቻርጅ ታደርገዋለች፤ ከራስጌዋ ያድራል።
«የአትርሳው ስልክ ነው?» ሲል ሰው ከደሴ፣ ከሐዋሳ፣
«ወጣ ብሏል፤ ይመጣል» ትላለች፣ ድምጿን ሳታነሣ።

«ቁጥሩን እናጥፋው» አልኳት አንድ ቀን፣ «የእኔን እናስገባ።»
«ስሙን የሚጠራ ሰው የቀረኝ እዚያ ነው» አለች፣ እንባም ሳታነባ።
እኔ መሪ ያዥ ነኝ፤ ለቃል አያያዝ አላውቅበት፤
ዝም አልኩ፤ ገጹም ዝም አለ፤ ድሩ ላይ ድር አደራበት።

በግንቦት
አቶ ሸጋው የሚባሉ ጡረተኛ፣ ከወልድያ ተነሥተው፣
ጋይንት አድረው፣ የልጅ ልጃቸውን ትንግርትን በእጃቸው ይዘው፣
«ሐይቅ ላሳያት» ብለው፣
ከሌለው ዋርካ ሥር ቆሙ፣ በሦስት ሰዓት፣ ስድስት መቶ ብር ቆጥረው።

እኛ ነፋስ ሳይነሣ፣ በአንድ ሰዓት ወጥተናል።
ደወሉ። «ወጣ ብሏል፤ ይመጣል።»
የትልቅ ሴት ድምፅ ነው፤ ማን ይጠራጠራል?
ጠበቁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ስንመለስ ትንግርት ድንጋይ ላይ ተኝታ፣
ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ታቅፋ፣ ፊቷን በአያቷ ኮፍያ ከልላ።
ሽማግሌው ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤
ስልካቸውን ከፍተው፣ በእጃቸው ጥላ ሠርተው ለማያው ነገር፣
«ይቺ ሰማያዊዋ የት ናት?» አሉኝ።
«ይሄ ሰውዬስ፣ ደኅና ነው? እስካሁን ሲቀርብኝ።»

ሰው በስልኩ ያየውን ነው ተሸክሞ የሚመጣ፤
ተራራ አቋርጦ፣ ካለቀ ቀን ጋር ሊቀጣጠር የወጣ።
ይህን ያወቅሁት ያን ዕለት፣ ገመድ በእጄ እንደያዝኩ፣
መልስ አጥቼ፣ የሰልፈር ያህል የሚጠብሰውን ድንጋይ እያየሁ።

ማንጠግቦሽ ምሳ ይዛ ደረሰች።
ፎቶውን አየች። ልጅቷን አየች።
«ይመጣል ያልኩ እኔ ነኝ» አለች።
ሌላ አልጨመረችም፤ ነጠላዋን አውርዳ ለትንግርት ጥላ ዘረጋች።

ማታ ቤቴ ድረስ መጣች፣ ስልኩን በመሐረብ ጠቅልላ።
«ስሙን ብቻ ተውልኝ። አርመው ያንን ሌላ።»

ገጽ ማለት ፊት ነው ለካ፤ ሳይታጠብ አደባባይ አይወጣ።
አሁን በየወሩ መባቻ ቁጭ እላለሁ፦ ዋጋው፣ ሰዓቱ፣ ነፋሱ ሲመጣ፤
«በዚህ ሳምንት በምዕራብ በኩል እንቦጭ አለ» እላለሁ፤ አልደብቅም፤
ያፈርኩበትን ስጽፍ ሰው የሚቀር መስሎኝ ነበር፤ አልቀረም።

ፎቶውም ተለወጠ። በማግሥቱ በነጻ ወስደናቸው ያነሣነው ነው፦
ቀይዋ ጀልባ፤ ትንግርት ጫፏ ላይ፣ አያቷ ቀሚሷን ጨብጠው፤
ከጎኗ በነጭ ቀለም፣ እኔ የጻፍኩት፣
ትንሽ የተንጋደደ፦ አትርሳው።

ያ ስልክ አሁን አይጠራም።
ማንጠግቦሽ ቻርጅ ማድረጓን አልተወችም።