ዘጠነኛው ሣጥን

ቀን ቀን መናኸሪያ ትኬት እቆርጣለሁ፣
ማታ ኮሌጅ ገብቼ ሒሳብ እማራለሁ።
ገቢና ወጪውን ደምሬ ስዘጋ፣
ሳንቲም ከጎደለች አልተኛም እስኪነጋ።
ኬሚስትሪን ታዲያ ምን አመጣው በኔ?
«ግዴታ ነው» አሉኝ፤
ሦስት ክሬዲት ቅጣት፣ ያለ አንዳች ኩነኔ።

የመጀመሪያው ፈተና ከመቶ ሠላሳ አንድ፤
አጥፌ ሸሸግኩት ከትኬት ጥራዝ ሥር፣ እንዳያየው ዘመድ።
የመተሃራ ተሳፋሪ መልስ ሲጠይቀኝ፣
«ስንት ሞል ነው?» ብዬ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

መምህር ዲንቃ አይቆጡም፤ ሲከፋቸውም ብዙ፣
ጠመኔ ሰብረው ግማሹን በመዳፌ እያስያዙ፣
«ነይ እስቲ ሶሬቲ፤ ይህን ቀስት አውራ ጎዳና ነው በይ፤
ከግራ የተሳፈረ ሁሉ ከቀኝ ይወርዳል፤
አንድም ሰው መንገድ አይቀር፤ አስተውይ።
አራት ሃይድሮጂን ጭነሽ ሁለት ብታወርጅ፣
ሁለቱስ የት ቀሩ? በመንገድ? በደጅ?»

የቀን ሒሳብ መዝጊያ ናት፣ ያቺ የፈራኋት እኩልታ፤
ስንት ጊዜ ዘግቻት ኖሯል፣ ስሟን ሳላውቅ፣ ማታ ማታ!

ከነጂባ ጋር ስናጠና፣ መብራት ሲሄድብን ለአፍታ፣
ከጁስ ቤቱ ጄኔሬተር አጠገብ፣ በማንጎ ልጣጭ ሽታ፣
«እንቁላል በደርዘን፣ ወረቀት በደስታ፣
አቶም በሞል ይቆጠራል» ትለኛለች፣ እንደ ልጅ ጨዋታ።
ሃያ አራት አሃዝ! እኔ የማውቀው ብዛት
የአዳማ አቧራ ነበር፣ የየካቲት ነፋስ ሲነዳት።
በቀን አሥር ጥያቄ፤ ሰባቱ ስህተት፣
ስምንተኛው እንባ፣ ዘጠነኛው ስልቻ ሙሉ ትዕግሥት፤
አሥረኛው አንዳንዴ ልክ።
የተበላሸ ትኬት ሁሉ ጀርባው በቀመር ተሞላ፤
አንዷ አምልጣኝ ሶደሬ ደረሰች፣ ሚቴን አዝላ።

አንድ ሐሙስ ግን መምህሩ ሰንጠረዡን ዘርግተው፣
ዘጠነኛዋን ሣጥን በጣታቸው ነክተው፣
«ፍሎሪን» አሉ፤ «ስስታም ናት፤ ኤሌክትሮን ስታይ አትራራም፤
ከጉድጓድ ውሃ ገብታ ጥርስ ላይ ትጻፋለች፤
መፋቂያ ቢፍቀው አይጠራም።»

እኔ የወንጂ ልጅ ነኝ።
ሸንኮራ መሐል ያደግኩ፣
ስስቅ በመዳፌ አፌን እየሸፈንኩ፤
መታወቂያዬ ላይ እንኳ ከንፈሬን ገጥሜ፣
«ምን አኮረፋት?» ሲባል፣ ኩርፊያ ሆኖ ስሜ።
እናቴ «ከሸንኮራው ነው»፣ አክስቴ «ከዘር» ስትል፣
የክፍል ልጆች «አትፍቅም» ሲሉ፣ ሁሉንም ስቀበል፣
ለካ ቁጥር ነበረው።
ለካ አድራሻ ነበረው፤ ከኦክስጅን ቀጥሎ፣ ከኒዮን በፊት፣
በር የሌላት ጠባብ ክፍል።

እጄን አወጣሁ። ሦስት ወር ጠረጴዛ ሥር የኖረ እጄን።
«መምህር፣ በሊትር ስንት ሲሆን ነው የሚያቀልመው?
ቢፈላስ ይጠፋል? ወይስ ውሃው ሲተን እሷ ትቀራለች?»
አፌን ሳልሸፍን ነበር የጠየቅኩት፤
ያስተዋለችው ነጂባ ናት።

ሲ ፕላስ ሰጡኝ በመጨረሻ።
ሰርግ አይደገስበትም፤ ግን የኔ ነው፣
እያንዳንዱን ነጥብ ከየት እንደተሳፈረ አውቀዋለሁ።

እሑድ ወንጂ ወረድኩ። ጓሮ ሁለት ጀሪካን አለ፤
የጉድጓዱ ላይ በማርከር «9» ጻፍኩ፤ ለእጥበት ብቻ።
ታናሼ ቶሌራ፣ ግማሽ ጥርሱ ገና እየበቀለ፣
«ዘጠኝ ማለት ምንድን ነው?» አለ።
«ቁጭ በል» አልኩት፤ «ከአንድ እንጀምር፤ ከሃይድሮጂን።»
ጠጠር ለቅሞ መጣ፣ ኤሌክትሮን ይሁን ብሎ፤
አንዱን ጠጠር ውሻው ወሰደበት፤
«አሁን አየን ሆነ!» ብዬ ስስቅ፣
አባዬም ከበሩ ላይ ሳቀ፣
አፉን በመዳፉ ከድኖ።

ልማድ ነው።
ሒሳቡ ገና አልተዘጋም።