ባለቤቱን ፍለጋ

በኪሎ ነው የገዛሁት፣ ለቆሎ መጠቅለያ ከታሰረ ክምር፤
ልባሱ የወለቀ፣ ጥራዙ በጥቁር ክር፣
ከገጽ ዘጠኝ የሚጀምር።
ደራሲው ከሽፋኑ ጋር ጠፍቷል፤
ተርጓሚው፣ አፍሮ ይሁን ፈርቶ፣ ስሙን ትቷል።
የቀረው አንድ አንባቢ ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ
«ለማክሰኞ ውይይት» ይላል፣ ሁለት ጊዜ አስምሮ፣ ኅዳጉን አድምቶ።

እኔ የሌሊት ዘበኛ ነኝ፣ የሰው ጀልባ የምጠብቅ፤
ስምንተኛን ሳልጨርስ የወጣሁ፣ ፊደል ግን የማልለቅ።
ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ፣
ጣና ከእግሬ ስር ደለሉን ሲያላምጥ
እኔም አንዷን ገጽ ሳምንት ሙሉ ሳላምጥ፣
ሳልውጥ።

ወዛደር። ይሄን አውቃለሁ፤ ወዝ አለው፣ ላብ ላብ ይላል።
ከበርቴ። ይሄም ግልጽ ነው፤ ከበሮ ከበሮ ይላል፣
ሆዱ ባዶ፣ ድምፁ ትልቅ። (ተሳስቼም ይሆናል።)
ንዑስ ከበርቴ ሲል ግን ቆምኩ፤ ማንን ነው የሚለው?
እትዬ የዝባለምን? ባለ ሱቋን?
እሷ ያላት ሳሙና፣ ክብሪት፣ እና የእኔ ዱቤ ነው።

እህቴ አይታኝ «ፈተና አለብህ እንዴ?» አለች።
የለብኝም።
ለምን እንደማነበው እኔም አላውቅም።
ያልገባኝ ነገር እንደ ዓሣ አጥንት ነው፤ ትፋው ቢሉኝ አይወጣም።

ገጽ አርባ አንድ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፣
ከራስጌ እስከ ግርጌ የተንዘለዘለ፤
ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ፣ ደግሞ ነጠላ፣
«ይህም ሲባል»፣ «በመሆኑም»፣ «በአንጻሩ ከዚያ በኋላ»፤
አራት ነጥብ የት አለ?
የጎርጎራን ጀልባ እንደሚጠብቅ ሰው
ግሱን ጠበቅሁ፤
መጣ ስል የደሴት ጥላ ነው፣
መጣ ስል እምቦጭ ነው።
ገጹን ገልብጬ ሳገኘው፣ አንዲት ቃል፦ «አይደለም»።
ያን ሁሉ ጭነት አምጥቶ ወደቡ ላይ ገለበጠው፤
እኔንም።

መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ዘንድ ወሰድኩት፣ ጠዋት ከጊዮርጊስ ሲወጡ።
ፖለቲካ አይወዱም፤ ምን እንደሚል እንኳ ለመጠየቅ አልቃጡ።
መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ጣታቸውን ገጹ ላይ ሰክተው፣
«ሐሳቡን ለጊዜው ተወው፤
ማሰሪያውን ያዝ፤ እሱ ሲያዝ ሌላው ይፈታል።
ማን አደረገ? ምን አደረገ? ተሳቢው የታል?
ባለቤቱ ማነው?» አሉኝ።

ባለቤቱ።

አንማው ትዝ አለኝ፣ የእህቴ ባል፣
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መረብ የሚጥል፣
ጎህ ሲቀድ የሚስብ፤ ቆሮሶ ቢሆን፣ አምባዛ ቢሆን፣ ባዶ ውሃ ቢሆን፣ ያው መሳብ።
ግማሹ ለጀልባው፣ ሩቡ ለመረቡ፣
የተረፈው ለሁለት ይከፈላል፣ ለእሱና ለጓደኛው፣ ከነረኀቡ።
«ሳበ» ካልን፣ ሳቢው አንማው ነው፤
ባለቤቱ ግን ቤቱ ተኝቷል።
ታዲያ ይሄ ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው?

ሄጄ ነገርኩት፤ «ትርፍ እሴት ይባላል»፣ ኩራት ቢጤ ይዞኝ።
«ስም እንዳለው አላወቅሁም ነበር» ብሎ ሳቀብኝ።
ከዚያ ቢላውን በሱሪው ጠርጎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣
«ነገ ጀልባውን እኔ ብገዛውስ?
የሰው ልጅ ቀጥሬ ባስጥል፣ ያኔ ስሜ ምንድን ነው?» አለኝ።

መጽሐፉ ያውቅ ይሆናል። ገና አልደረስኩም።

ቀዩ እስክሪብቶ ገጽ ስልሳ ሦስት ላይ ያቆማል፤
መስመሩ ከአንድ ቃል ወገብ ላይ ይቆረጣል።
ሰለቸው? እንቅልፍ ጣለው?
ወይስ ማክሰኞ ሳይመጣ ሰው መጣበት?
በዚያ ዘመን፣ ይላሉ፣ ማክሰኞ ያልደረሰለት ብዙ ነው።

ከዚያ ወዲያ ኅዳጉ ነጭ ነው፣ ዱካ የለውም።
ትናንት ሌሊት፣ ነፋሱ ከዘጌ በኩል ሲነሳ፣
ስልሳ አራትን ገለጥኩ፤ ፊቴ የሚሄድ ሰው ሳይኖር፣ ባትሪዬም ሲሳሳ።
የመጀመሪያው መስመር ገባኝ።
ሁለተኛው አልገባኝም።
ሦስተኛው፣ እንጃ።
እርሳሴን በምላሴ አርሼ ኅዳጉ ላይ ጻፍኩ፦
«ባለቤቱ ማነው?»
ሁለት ጊዜ አሰመርኩ።
ከስሩም፣ የምወያየው ሰው ባይኖረኝ፣
«ለማክሰኞ» አልኩ።