ቀሪ ሂሳብ

ሰኔ ሃያ ስድስት፣ ቢስቲማ፤
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣
እኔ ደግሞ ካልኩሌተሩን።
ገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ ሁለተኛው ክፍል፤
ጠረጴዛዬ አንድ እግሯ አጭር ናት፣
የአምናውን ሪፖርት አጣጥፌ ደገፍኳት።
አምና የጻፍነው ሁሉ
ለአንድ ነገር ጠቀመ።

ያለኝ፦ አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ።
የተጠየቅኩት፦
ወይራ አምባ የውሃ ፓምፕ፣
ቀጨማ የትምህርት ቤት ጣሪያ፣
ጊዶ ወንዙ ላይ ድልድይ።
ሦስቱም ማኅተም አላቸው፣
ሦስቱም "አስቸኳይ" ይላሉ፣
ሦስቱም እውነታቸውን ነው።

ባናው አጭር ነው።
ወደ ራስ ስስበው እግር ይበርደዋል፣
ወደ እግር ስጎትተው ራስ ይንቀጠቀጣል፣
መሀል ላይ ብተወው ሆድ ብቻ ይሞቃል፤
ሆዱ ብቻ የሞቀው ሹም ደግሞ
በገበያ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ታውቃላችሁ።

"ለሦስት እናካፍለው" አለ ሽኩር፣ የዕቅድ ባለሙያው፤
ሰው አስቀይሞ ማደር አይሆንለትም።
አካፈልነው፣ በወረቀት፦
ፓምፕ ያለ ቱቦ፣
ጣሪያ ያለ ምስማር፣
ድልድይ እስከ ወንዙ አጋማሽ።
ሳቅን።
ሳቁም እንደ ባናው አጭር ነበር።

ለምሳ ወደ ዙልፋ ዳቦ ቤት ወረድኩ።
መብራቱ በፈረቃ ነው፣ ሌሊት ሦስት ሰዓት ያህል ብልጭ ይላል፤
ዱቄቱ በዓመት እጥፍ ሆኗል፤
መደርደሪያዋ ላይ ዳቦው ግን ያው ነው፣ አልኮሰሰም።
"እንዴት ሆኖልሽ?"
"ኬኩን ዘጋሁት" አለች፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች።
"ሰው ኬኩን አይቶ ያልፋል፣ ዳቦውን ይዞ ይገባል።
የምነድደው ሦስት ሰዓት ነው፤
ምድጃዬን ለሁለት ጌታ ላሳድር ብል
ለሁለቱም ጥሬ ያወጣል።"
ዝም አለች፣ ከዚያ፦
"ኬክ ሠሪው የእህቴ ልጅ ነበር፣ አሰናበትኩት።
ኮምቦልቻ ወርዷል።
እስካሁን አልደወለልኝም።"
ዳቦዬን በጋዜጣ ጠቀለለችው፣
ከዋጋውም አልቀነሰችልኝም።

ያን ሌሊት ጥያቄውን አገላበጥኩት።
ማን ይበልጥ ቸገረው? ብል፣ ሁሉም።
ማን ይበልጥ ይጮሃል? ብል፣ ለቢሮው የቀረበው።
የቱ ቢቀር ሌላው ይቀራል? ስል
እጄ ቆመ።

ጄኔሬተር በአህያ አይጫንም፤
ጊዶን ሳይሻገር ወይራ አምባ አይደርስም።
የቀጨማ ቆርቆሮም በዚያው ወንዝ ነው መንገዱ፣
በክረምት ሙላት፣ በበጋ መኪና የሚውጥ ደለል።
ድልድይ፣ አልኩ።
የማይጠጣ፣ ሕፃን የማያስጠልል፣
ድንጋይና ብረት።

በማግስቱ ሸህ ይማም መጡ፣ ከወይራ አምባ፣
የአራት ሰዓት መንገድ በእግራቸው።
ጠርሙስ አወጡ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አቆሙት፤
ውስጡ የኩሬ ውሃ፣ የሻይ መልክ ያለው።
ስለ ድልድዩ አስረዳኋቸው፣
ስለ ቅደም ተከተል፣ ስለ መጪው ዓመት።
እስክጨርስ ሰሙኝ።
የኛ ሰው ሲከፋው አይራገምም፣ ይመርቃል፤
መዳፋቸውን ዘረጉ፦
"ትንሿን ያስፋልህ፣
ያላየኸውን ያሳይህ፣
ድልድይህም ሲያልቅ
የሚሻገርበት ሰው አይጣ፣
ጥም ያላሰደደው ሰው።"
"አሚን" አልኩ።
ምርቃት እንዲህ ሲከብድ አይቼ አላውቅም።

ሰኔ ሰላሳ መዝገቡን ዘጋሁ።
የመጨረሻው ረድፍ "ቀሪ" ይላል፤
"ዜሮ" ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፤
ኦዲተሩ ደስ ይለዋል።
ቀሪውን እኔ አውቀዋለሁ፣
ጥምጣሙን አስተካክሎ
በዝናብ ዳገቱን ወጥቷል።

ጠርሙሱ አሁንም እዚያው ነው።
ውሃው በአንድ ጎኑ ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ብሎ ይታየኛል፤
ውሃ መቼም አያዳላም፣
ለካ ጠረጴዛዋ
እስከ ዛሬ አልተቃናችም።