እጄ ላይ አብሩልኝ

ትራንስፎርመሩ ፈንድቶ ኮዬ ፈጬ ጨልሟል፤
ቅዳሴው፣ አዛኑ፣ የቆርቆሮው አዳራሽ መዝሙር
ያለ ድምፅ ማጉያ በየጉሮሮው አድሯል።

ደቻሳ መሰላል ላይ፣ ቀበቶው ወገቡን ይዞት፣
እኛ ከሥር ከበነው፣ ስልካችንን አብርተንለት።
መሪጌታ ልሳነወርቅ «በዚህ በኩል ነው!» ሲሉት፣
ሼህ ሙዘሚል «ወዲህ ዙር!»፣
ወንጌላዊ ዋቅቶላ «ወደ እኔ!» ሲል በጩኸት፣
እኔም፣ ደጃፍ የሌለኝ፣ ዘጠኝ ፐርሰንት የቀረኝ፣
ከሁሉም አስበልጬ ፊቱ ላይ አበራሁኝ።

«ኧረ በናታችሁ!» አለ፣ ዓይኑን በክንዱ ጋርዶ፣
«ይሄ ሁሉ ባትሪ ዓይኔ ላይ ነዶ
ምኑን ልየው?
ፊቴን ተዉትና እጄ ላይ አብሩልኝ።»

ዝቅ አደረግን።
አራት ጭላንጭል፣ አንዱ ወደ ቢጫ ያደላ፣
አንዲት የተላጠች ሽቦ ላይ ተገናኘ፤
እጁም «የማን ነው?» ሳይል ቋጠራት።

«መጣ!» አሉ ልጆች ከየፎቁ።
ማጉያዎቹ እኩል ጮኹ፤
ሰዎቹም ወደየደጃፋቸው ሮጡ።

መንገዱ ግን አምፖል የለውም።
ደቻሳ በእግሩ ጣት መወጣጫውን ይፈልጋል፤
ስልኬ ሞቷል።
በዳበሳ ሄጄ
መሰላሉን ያዝኩለት።