ጳጉሜን የሌለው ሳጥን

የአባቴ መታወቂያ ከሱሪው ኪስ ሳይወጣ
ልብስ ማጠቢያው ሆድ ውስጥ ሲሽከረከር አደረ፤
ፊቱ ታጥቦ ሄደ፣ ቁጥሩ ብቻ ቀረ።

«ምን ችግር አለ» አልኩት፣ «በኢንተርኔት ይሞላል፤
ምስራድ ሀፕኒም ድረስ በሙቀት ማን ይጓዛል?»

ቅርያት ጋት፣ አራተኛ ፎቅ። ሐሙስ ማታ ነበር፣
አሳንሰሩ ከሞተ ሊደፍን ሦስተኛ ወር።
ለሰንበት የገዛውን ዳቦ ገፋ አድርጌ፣
መነጽሩን ከሶፋው ሥር በእጄ ዳብሼ ፈልጌ
ታብሌቴን ከፈትኩት።

«ስልክህ ላይ ኮድ ልከናል።» ስልኩ መኝታ ቤት ነው።
ሄዶ አምጥቶ፣ ብር እንደሚቆጥር ሰው
አንድ በአንድ ሲያወጣ፣ «ሰባት... አራት...»
«ጊዜው አልፏል» ተባልን።
ፋብሪካው ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት
አንድ ቀን ያላረፈደ ሰው
በአርባ ሰከንድ አረፈደ።

ስም፦
እሱ «እንግዳው» ሲል ጣቴ «ጋዲ» ጻፈ።
በመጣበት ሌሊት፣ ሎድ አውሮፕላን ማረፊያ፣
አንዲት የደከማት ፀሐፊ፣ ብዕሯን እያኘከች፣
«ለአፍ ይከብዳል» ብላ አሳጥራ ሰጠችው።
እንግዳው ከመዝገብ በዚያው ተሰረዘ፤
እንግዳነቱን ግን ገባ እንደያዘ።

የአባት ስም፦ ቢያድጌ። ይህ አላስቸገረም።

የልደት ቀን፦
«ጳጉሜን ነዋ!» አለኝ፣ ፀሐይ በየት ትወጣለች እንዳልኩት ሁሉ።
«የክርስቲያኖቹ ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው
በጳጉሜን ዝናብ ሲጨፍሩ፣ ሲንጫጩ፣
እናቴ ከመንደር ራቅ ካለችው ጎጆ ሰማቻቸው፤
በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል
የእኔን ለቅሶ ለይታ ያዘች።»

ወራቱን ስነካቸው በተርታ ተሰለፉ፣
ከጃንዋሪ ጀምረው እስከ ዲሴምበር አለፉ፤
ከአሥራ ሁለተኛው ሥር ነጭ ነው። ባዶ ነጭ።
«አሥራ ሦስተኛዋስ?»
«የለችም፣ አባዬ።»
«ወር እንዴት ይጠፋል?»

በታጠበው ካርድ ላይ ቀኑ ዜሮ ዜሮ፣ ወሩ ዜሮ ዜሮ ነበር፤
ዓመቱን፣ እንደ ገበያ በቅሎ፣ ጥርሱን አይተው ነው የገመቱት።
ዜሮዎቹን ጻፍኩ። ሳጥኑ ቀላ፦ «ትክክለኛ ቀን አስገባ።»
ጳጉሜን ሦስትን አሰላሁ፣ ሴፕቴምበር ስምንት።
ደግሞ ቀላ፦ «ከመዝገቡ ጋር አይስማማም።»
ውሸቱንም እምቢ፣ እውነቱንም እምቢ።

ከሁሉ ሥር፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል፣
አንዲት አራት ማዕዘን አገኘሁ፦ «ቀኑ አይታወቅም»።
ቀና ብዬ አየሁት። የዳቦውን ፍርፋሪ በጣቱ ይለቅማል።
መታወቂያ እንዲያገኝ
«አይታወቅም» ብዬ ነካሁለት።
በመንደሩ፣ በድቅድቅ ጨለማ፣ ሲያስል እንኳ
«ማነህ?» ያለው ሰው አልነበረም።

መጨረሻ ላይ ደግሞ፦ «ሰው መሆንህን አረጋግጥ።
ድልድይ ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጥ።»
አባቴ ተጠጋ። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ፦
«ይሄ ድልድይ ነው። ይሄም። ይሄኛው...
ይሄ ወንዝ ብቻ ነው።»
ዝም አለ።
«አንገረብን ስንሻገር እንደዚህ ነበር። ድልድይ የለ፣ ጨረቃ የለ።
እናትሽ አንቺን አዝላ፣ ውኃው ወገቧ ደርሶ።
ታላቅ ወንድምሽን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።»

እኔ ወንድም የለኝም።

ወንዙን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ቆየ፤ ምልክት ወጣበት።
«ተሳስተሃል፣ እንደገና ሞክር» አለ ማሽኑ።

ሁለተኛው ዙር የመንገድ መብራት ነበር።
እሱ ይቀላል።